ፊሌቶው የተበላ ቴስታታ

ምሕረት፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ የምንቀዳው ዓለም ገና፣ ሄኖክ ግቢ ውስጥ ሆነን ነው። ከጀርባችን ያለችው ቮልስ ሞተሯ ወርዷል። ሄኖኬ፣ ምን ሆና ነው?

ሄኖክ፦ የአባቴ መኪና ናት። ጠዋት ስትነሳ ጭክ ጭክ ትላለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ቫልቭ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ማርሚታው ከቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ ክዳን፣ የሚገናኝበት ቦታ ጥላሸት ለብሷል። በዚያ በኩል ጭስ ያመልጣል ማለት ነው።

ምሕረት፦ ታዲያ ዳዶውን ማጥበቅ ነዋ።

ሄኖክ፦ ጉዱ የመጣው እሱን ሳደርግ ነው። ዳዶው ዞረ ዞረ፣ አልጠብቅ አለ። ስፈታው ስታዱ፣ ማለትም ዳዶው የሚታሰርበት ቴስታታው ላይ የተተከለ ባለጥርስ ዘንግ፣ ዳዶውን እንደነከሰ አብሮት ወጣ። ይኸው፣ እዪው። ጥርሱ ላይ የተጠመጠመው ይታይሻል?

ምሕረት፦ ቀጭን ሽቦ ይመስላል። ያብረቀርቃል።

ሄኖክ፦ የቴስታታው ፊሌቶ፣ የቀዳዳው ጥርስ ነው፤ ተልጦ የወጣ አልሙኒየም። ስታዱ ግን ብረት ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ዓመት ሙሉ ሲሞቅ ሲበርድ፣ ዝገትም ሲጨመርበት፣ የሚሸነፈው ለስላሳው ነው።

ምሕረት፦ በሙጫ የሚያጣብቁ አሉ።

ሄኖክ፦ እባካችሁ አታድርጉት! ሙጫ የጭስ መውጫን ሙቀት አይችልም። ከአንድ ጫፉ 10፣ ከሌላው 8 ሚሊ የሆነ ስታድ ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። ግን ቴስታታው ላይ ብዙ መቦርቦር ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ሄሊኮይል ነው። ከማይዝግ ብረት የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ የእስክሪብቶ ሞላ አስቢ። ለ8 ሚሊ ስታድ ቀዳዳውን በ8.3 ሚሊ መሰርሰሪያ ታሰፊዋለሽ፣ አብሮ በሚሸጠው ፊሌቶ ማውጫ ፊሌቶ ታወጪለታለሽ፣ ከዚያ ሽቦውን ታስገቢበታለሽ።

ምሕረት፦ ትናንት ሳይህ ትራፓኖውን ይዘህ ሳታስነሳው ብዙ ቆየህ።

ሄኖክ፦ ቀጥ ማለቱን እያየሁ ነበር። ቀዳዳው ካዘመመ ስታዱም ያዘምማል፤ ማርሚታው አይገባም። ጎኑ ያለውን ደህና ስታድ እያየሁ ነው ያስተካከልኩት። የጭስ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍኩ። ፊሌቶ ማውጫውን ግራሶ ቀባሁት፤ ብናኙ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ። ሲከብድ እጅ ያውቀዋል፤ ያኔ መመለስ ነው። እዚያ ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው።

ምሕረት፦ ሽቦውስ?

ሄኖክ፦ ከቴስታታው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ጫፉ ላይ ያለችውን ጭራ ሰብሮ ማውጣት አይረሳ። ከዚያ ጭስ እንዳያመልጥ መሃል የሚገባ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ መዳብ የተቀባ ዳዶ፣ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ። በቃ፣ ከዚያ በላይ ጉልበት አያስፈልግም።

ምሕረት፦ ቴስታታውን መቀየር አይሻልም ነበር?

ሄኖክ፦ ይቺ መኪና መመረቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቆሟል። መርካቶ ዞሬ ያገኘኋቸው ቴስታታዎች የተበየዱ ናቸው። የኔ ሌላው አካሉ ደህና ነው። በአንድ ቀዳዳ ምክንያት አልጥለውም።

ምሕረት፦ ስታዶቹ ስምንት አይደሉ? የቀሩትስ?

ሄኖክ፦ ሁለቱ ያሰጉኛል። ዘይት ጠጥተው እንዲያድሩ ቀብቻቸዋለሁ። ነገ አሙቀን ቀስ ብለን እንፈታቸዋለን።

ምሕረት፦ መብራቱን እኔ እይዝልሃለሁ።