«ፀጉሬ በእፍኝ ይወጣል»፦ ከወሊድ በፊትና በኋላ ስለሚረግፍ ፀጉር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ሽፍታ ለመናገር ስቱዲዮ ገብቼ ነበር፤ ስልኩ ሲከፈት ግን እናቶቹ የራሳቸውን ራስ ይዘው መጡ። ከተነሡት ጥያቄዎች አራቱን ከነመልሳቸው አቀርባለሁ።

ከካዛንቺስ፦ «ዶክተር፣ ሴት ልጅ ከወለድኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። በእርግዝናዬ ጊዜ ፀጉሬ ከመቼውም በላይ ወፍሮ ነበር። ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እንግዳው ሁሉ ፀጉሬን ሲያደንቅ ዋለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መርገፍ ጀመረ፤ አሁን ሳበጥር በእፍኝ ይወጣል። እናቴ ‹ዓይን ነው› ብላ ጸበል ካልሄድሽ ትለኛለች። መላጣ ልሆን ነው?»

አትሆኚም፣ እህቴ። እናትሽም ቀኑን በትክክል ቆጥረዋል፤ የተሳሳቱት ተጠያቂው ላይ ነው።

በራሳችን ላይ ካለው ፀጉር ከ100ው 85 ወይም 90 ያህሉ በማደግ ላይ ነው። የቀረው ዕድገቱን ጨርሶ መውደቂያውን ይጠብቃል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር እንዲህ ይሄዳል፤ ማንም ልብ አይለውም። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍ ስለሚል ግን መርገፍ የነበረበት ፀጉር ማደጉን ይቀጥላል። ፀጉርሽ የወፈረው አዲስ በቅሎ ሳይሆን የሚሄደው ስላልሄደ ነው። ስትወልጂ ሆርሞኑ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለና ያ ሁሉ ፀጉር ማደጉን አቆመ። ማደግ ያቆመ ፀጉር ደግሞ ወዲያው አይወድቅም፤ ሁለት ሦስት ወር ከሥሩ ጋር ይቆያል። እንግዶችሽ ያደነቁት ፀጉር ለመሄድ ጓዙን ጠቅልሎ የተቀመጠ ነበር ማለት ነው። ወንድ ወልደሽ በ40 ቀን ክርስትና ቢነሣ ኖሮ ምናልባት ማንም በዓይን ባልታማ ነበር።

መርገፉ በአብዛኛው በአራተኛው ወር አካባቢ ይበረታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጅሽ ዓመት ሲሞላት የብዙዎች ፀጉር ወደ ቀድሞ ብዛቱ ይመለሳል። ርዝመቱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ፀጉር የሚያድገው በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በግንባርሽ ዳር አልተኛም ብለው የሚቆሙ አጫጭር ፀጉሮች ስታዪ አትናደጂባቸው፤ አዲሶቹ እነሱ ናቸው። ጸበሉን እኔ አልከለክልሽም።

ከፒያሳ፣ አንዲት አያት፦ «ምራቴ ከወለደች አምስት ወሯ ነው። ፀጉሯ ሲረግፍ ቅቤ ቀባኋት፤ አልቆመም። ጎረቤት ‹ጡቱ ነው የጨረሳት› ይላል። ማጥባቱን ታቁም?»

አታቁም፣ እናቴ። ያላጠቡ እናቶችም ፀጉራቸው በዚሁ ጊዜ ይረግፋል። ቅቤው ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ መሰባበሩንም ይቀንሳል፤ መርገፉን ግን አያስቆምም። ፎረፎር ካላት ደግሞ ሊያባብሰው ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭታችሁ እንዳትቀቧት፤ ቆዳ ያቃጥላል።

ከቅቤው ይልቅ ሳህኗን ይዩላት። የገንፎው ሰሞን ካለፈ በኋላ ብዙዋ እናት ልጇን እንዳቀፈች ያገኘችውን ጎርሳ ትውላለች። እንቁላል፣ ምስር፣ ከተቻለ ሥጋ ትብላ፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ይጨመርበት። ቡናና ሻይ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ፤ ሰውነት ብረት ከምግብ እንዳይወስድ ያግዳሉና። ቡና እንደ ተበላ በሚፈላበት አገር ይህን መናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። የወደቀ ፀጉር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ሲያጥቡት የእጁንና የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ይዩ፤ በካልሲ ውስጥ አይታይም። ያለ ምክንያት አምርሮ ሲያለቅስም መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ጣቱ አብጦ ከቀላና ፀጉሩን በቀላሉ ማውጣት ካልቻሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ከሜክሲኮ፣ አንድ ባል፦ «ባለቤቴ ከወለደች ሰባተኛ ወሯ ነው። ፀጉሯ መርገፉን አልተወም፤ ሁልጊዜ ይደክማታል፣ ልቧም ይመታል። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ልግዛላት? ባዮቲን የሚባል የቫይታሚን ኪኒንም አለ ይላሉ።»

ሚኖክሲዲሉን ተወው፤ ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባ እናትም አንመክረውም። ባዮቲን እጥረት ለሌለበት ሰው የሚጨምረው ነገር የለም፤ በብዛት ሲወሰድ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ውጤት ያዛባል። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ እሱው ታይሮይድ ነው። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት አንዳንድ እናቶች ላይ ይህ ዕጢ ይቆጣል፤ የልብ ምት፣ ድካም፣ የክብደት መለዋወጥና የፀጉር መርገፍ ያመጣል። ደም ማነስም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ለኪኒን ያሰብከውን ገንዘብ ለደም ምርመራ አድርገው። ድካሟ ከለቅሶና ከተስፋ መቁረጥ ጋር ከሆነ ያንንም ለሐኪሙ ንገሩ።

ከልደታ፦ «የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የእኔ ፀጉር አሁኑኑ ይረግፋል፤ በተለይ ከጆሮዬ በላይ ሳስቷል። ሹሩባ እሠራለሁ።»

በእርግዝና ጊዜ መርገፉ ያልተለመደ ስለሆነ ምክንያቱን እንፈልጋለን። ከሁለት ሦስት ወር በፊት ከባድ ትኩሳት ይዞሽ ነበር? ትውከት አክስቶሽ ነበር? መላ ራስሽ ላይ እኩል የሚረግፍ ከሆነ እንዲህ ያለው ነገር ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ክትትልሽ ላይ ደምሽንና ታይሮይድሽን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። የተሰጠሽን የአይረን ኪኒን ‹ሆዴን አሳመመኝ› ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ከተውሽውም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ የሚስማማሽን ይፈልጉልሻል።

ከጆሮ በላይና በግንባር ዳር ብቻ መሳሳቱ ግን በብዛት የሹሩባው ሥራ ነው። ፀጉር ለወራት ሲጎተት ሥሩ ይጎዳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ያ ቦታ ዳግም ላያበቅል ይችላል። አሁን ፍቺው። ከወለድሽ በኋላ የተለመደው መርገፍ ሲመጣ ብዙዎች የሳሳውን ለመሸፈን ብለው መልሰው ጠበቅ አድርገው ይሠሩታል፤ በዚያ ሰሞን ሻሽ ይበልጥልሻል። መሠራትሽ ካልቀረም ላላ ይበል፤ ሠሪዋ ‹ነገ ይለቅሻል› ብትልሽ እንኳ ካመመሽ ከወንበሩ ሳትነሺ አስፈቺው።