ተረቱን ከነሳቁ ተዉልን

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እንዲሁም በእጄ ፊደል ቆጥራችሁ ዛሬ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ የመጣችሁ ተማሪዎቼ፤

ለዚህ የንባብ ክፍል ምረቃ ጥቂት ቃል እንድናገር ስታዝዙኝ ስለ ንባብ ጥቅም እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። ይህን ለደብረ ማርቆስ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። እኔ የመጣሁት ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው፤ አዋቂ ሰው የልጆችን አስቂኝ ተረት ለገዛ ደስታው ቢያነብ ምን ነውር አለው?

የእንዶዳሙ ልጅ ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብለው «ተረት ተረት የመሠረት»ን አበርክተውልናል። ልብ ወለዱን ያላነበበ እንኳ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶታል። የተረቱን መጽሐፍ ግን ፈልጌ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ብጠይቅ፣ ሽበቴን አይቶ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» ብለው ሳቀ። በተረቱ ቢስቅ ደግ ነበር፤ የሳቀው በእኔ ነው።

እስቲ የምታውቁትን አንድ ተረት ላስታውሳችሁ። ፍየሎቿ የጠፉባት፣ ጆሮዋ የማይሰማ ሴት እንደ እርሷው የማይሰማ ገበሬ ታገኝና ስለ ፍየሎቿ ትጠይቀዋለች። እርሱ የማሳውን ወሰን የጠየቀችው መስሎት እጁን ወደ ወንዙ ይዘረጋል፤ ፍየሎቹም እንዳጋጣሚ ከዚያው ይገኛሉ። ውለታውን ልትመልስ እግሯ የተሰበረ ግልገል ብታቀርብለት፣ «እኔ አልሰበርኋትም!» ብሎ ይጮኻል። ተያይዘው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛው ደግሞ ጆሮውም አይሰማ፣ ዓይኑም ደክሟል። ራሱን እየነቀነቀ ሁለቱንም ካስጨረሰ በኋላ በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን አጮልቆ አይቶ፣ «ልጁ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ በአደባባይ መጨቃጨቅ አይገባችሁም፤ በሉ ወደ ቤታችሁ ግቡ» ብሎ ይፈርዳል።

በልጅነቴ ያሳቀኝ ጩኸታቸው ነበር፤ ዛሬ የሚያስቀኝ ዳኛው ነው። የወሰን ክርክር ይዞ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ የተንከራተተ የጎጃም ገበሬ፣ ራሱን እየነቀነቀ የሚያዳምጥ ዳኛ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሕፃን ልጅ ግን ከየት ያውቀዋል? ያቺ የተረቱ ክፍል ለእኛ የተቀመጠች ድርሻ ናት።

ታዲያ ይህንኑ ተረት በአንድ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ባገኘው፣ ከገጹ ግርጌ «የዚህ ተረት ትምህርት፦ ሰውን በጥሞና ማዳመጥ ይገባል» የሚል ተጽፎበታል። ኧረ ለመሆኑ ማን ጠየቃችሁ? ዳኛው ሳይሰማ ፈረደ፤ እናንተ ደግሞ ሳትጠየቁ ፈረዳችሁ! ዋሸራንና ዲማን በያዘ የቅኔ አገር፣ አንባቢው ራሱ ፈትቶ የሚደርስበትን ነገር አላምጦ ማጉረስ ንቀት ነው። ሳቁ ገና ከአፋችን ሳይወጣ በምክር የሚያፍኑን እነማን ናቸው?

ስለ ሥዕሎቹና ስለ ወረቀቱ ጥራትም የጻፍሁት ነበረኝ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ልተወው። የክፍሉን ኃላፊዎች የምለምነው፣ የተረት መጻሕፍቱ በሕፃናቱ ዝቅተኛ መደርደሪያ ብቻ እንዳይወሰኑ ነው፤ ጉልበቴ ማጎንበስ እምቢ ብሏል። እናንተ ወላጆች ደግሞ ማታ ስታነቡላቸው ያችን የግርጌ ምክር ዝለሉልኝ፤ ልጆቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸውም መጽሐፉን አትክደኑት፣ ቀጣዩን ለራሳችሁ አንብቡ።

አመሰግናለሁ።