ጥርስ ባዳ ነው

እሺ ሰላም ነው፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ቤት ሆኜ ነው የምቀዳው፣ ውጪ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ታገሱኝ፣ ሀዋሳ ውስጥ ባጃጅ የማይሰማበት ክፍል ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ያከራየኝ።

ባለፈው እሁድ አብሮኝ የተማረ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ስድስት ዓመት አልተገናኘንም፣ ግን ቴሌግራም ላይ ፎቶውን አያለሁ፣ መኪና ተደግፎ፣ ሆቴል ሎቢ ቁጭ ብሎ፣ ምናምን። እና እኔ ምን አደረኩ፣ የአክስቴን ልጅ መኪና ለመንኩ። ነዳጁን ራስህ ሙላ አለኝ፣ ሞላሁ፣ ይዤው አሞራ ገደል ወረድኩ፣ መቼም ሀዋሳ መጥቶ እዛ አሳ ሳይበላ የሚመለስ እንግዳ የለም።

እዛ ሁሌ የምበላባት ሴትዮ አለች፣ እትዬ ነው የምላት። የአራት ሳህን ዱቤ አለብኝ። ትዝ ያለኝ ደሞ ፊቷ ስቆም ነው! ሌላ ቀን ከሩቅ ስታየኝ "አንተ ባለዕዳ፣ መጣህ ደሞ?" ነው የምትለኝ። ያን ቀን አየችኝ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጣቴ ላይ እያሽከረከርኩ ነው (አሁን ሳወራው ራሱ አፈርኩ)፣ ጓደኛዬን አየችው፣ ጫማውን አየችው፣ ከዛ "እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፣ የተለመደው ቦታዎ ይሁን?" አትለኝም! ጋሼ! እሷ በትንሹ በአስር ዓመት ትበልጠኛለች። የተለመደው ቦታዬ ደሞ ድስቱ አጠገብ ያለች ዱካ ናት።

ቆሮሶ ጥብስ በዳጣ መጣ፣ ሾርባ መጣ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ትልልቅ ወፎች፣ ሀይቁ ዳር ቆመው እንደ ሽማግሌ ያዩናል። ልጁ ስለ ቢዝነስ ያወራል፣ ስልክ ሲደወልለት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ይስቃል፣ ግን ዓይኑ አይስቅም። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር፣ የሰው ፊት ላይ ኤሌክትሪክ እያስነካ የትኛው ጡንቻ ምን እንደሚያንቀሳቅስ ያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ያሳተመው መጽሐፍ ላይ የከንፈሩን ጡንቻ ሰው ሲፈልግ ያዝዘዋል፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን ደስታው ከልብ ካልሆነ እምቢ ይላል ብሎ ጻፈ። እኛ ኤሌክትሪክም አላስፈለገን፣ ጥርስ ባዳ ነው ብለን ጨርሰናል። እትዬ ግን ሂሳብ ስትቀበለኝ ዓይኗም ጭምር ነበር የሚስቀው፣ ከሦስታችን ደሞ በደንብ የዋሸችው እሷ ናት። ይሄ ነገር እስካሁን ግራ ያጋባኛል፣ እኛ ለራሳችን ነበር የምንዋሸው፣ እሷ ግን ለኔ ነው የዋሸችው፣ ይሉኝታ የሚሉት ይሄን ከሆነ፣ እሱ ይቅርብን ከሚሉት ሰዎች ጋር እኔ አልስማማም።

ማታ ላይ ልጁ ጻፈልኝ። "ወንድሜ አላፍርህም፣ ሥራ ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ፣ 10 ሺህ ብር ካለህ አበድረኝ" ይላል። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? "አካውንቴ ብሎክ ሆኖብኝ ነው፣ ሰኞ እናወራ"። በቃ። መኪናው የኔ አይደለም፣ የበላነውን አሳ ራሱ በቀሪ ደሞዜ ነው የከፈልኩት ማለት አቃተኝ። እሱ ጭንብሉን አውልቆ መሬት ላይ አስቀምጦ ሲያወራኝ እኔ የኔን አጠበቅኩት። "ችግር የለም" አለኝ፣ ሁለት የሚስቅ ኢሞጂ ጨምሮበት።

ሰኞ ተበድሬ ለእትዬ ዱቤዋን ከፈልኩ። ሳንቲሙን ቆጥራ ጉያዋ ከተተችና "ጋሼ መኪናው የታለ?" ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችብኝ፣ አሁን አሳ የሚበልቱት ልጆች በሙሉ ጋሼ ነው የሚሉኝ፣ ዱካዋ ግን ያው ድስቱ አጠገብ ናት።

ለልጁ እስካሁን አልደወልኩም። ይሄን ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ይሰማው ይሆናል እንግዲህ።