ከጫፉ ነው ከሥሩ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ያው አይጥ ነው፤ የሰለቻችሁ ዝለሉት። «የአይጡ ዶክተር» የምትሉኝ ደግሞ፣ ዶክተር አይደለሁም፤ ስንቴ ልንገራችሁ።

እሑድ ዘጌ ነበርኩ፣ ጋሼ ጋ። ስለ ጀልባው ሌላ ቀን አወራለሁ፣ ንዴቴ አልበረደም። ቶና ላይ ደርሰናል። «ለመሆኑ እዚያ ባሕር ዳር ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ሁሌ ይጠይቁኛል፣ ሁሌ «ጥናት» ብዬ አልፋለሁ። ያን ቀን አፌን ምን እንደከፈተው እንጃ።

ጋሼ፣ አልኳቸው፣ መካከለኛው አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል ቦታ አለ። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሶች እዚያ አሉ። ከነሱ የሚወጣው ክር የት የት እንደሚደርስ በአይጥ እናያለን። «እኛ መርዝ እንገዛለን፣ እናንተ ትቀልባላችሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ቀጠልኩ። ቀለም በቀጭን መርፌ ይወጋል። ቀናት ይጠበቃል፤ ሕዋሱ ራሱ ቀለሙን በክሩ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ አንጎሉ በስሱ ይቆረጥና ክሩን በማይክሮስኮፕ መከተል ነው። ቁራጩ ዳር ላይ ሲደርስ ጥፍት ይላል። ቀጣዩን ቁራጭ ታነሳለህ። እዚያ ደግሞ ብዙ ጫፍ ተበትኗል፤ የትኛው ነው የሱ? ዓይን ያጠፋል እኮ!

አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ታውቁኛላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የወጣውን የጃፓኖቹን ሥራ ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ሕዋስ ለይተው፣ ክሩን እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ተከትለው ለክተውታል። አንዷ ሕዋስ ስትራያተም ውስጥ ብቻ፣ ማለት ክሩ በዋናነት የሚደርስበት የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ የምትዘረጋው ክር ሲደመር በአማካይ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትልቋ ወደ 78 ትጠጋለች። የአይጡ አንጎል ራሱ እኮ 2 ሴንቲ ሜትር ምናምን ነው!

ጋሼ ሲኒውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ያን ሁሉ አንዷ ናት የምትቀልበው?» አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ምክንያቱም ተመራማሪዎቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ያን ሁሉ ቅርንጫፍ ማኖር ብዙ ጉልበት ይበላል፣ ለዚህም ይሆናል ሕዋሶቹ ቶሎ የሚጎዱት ይላሉ። ይህን ልነግራቸው ስል «ስትሞትስ? ከጫፉ ነው ከሥሩ?» አሉኝ።

እንዲህ ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ እንደ ተማሪ መለስኩ፦ ጫፎቹ ቀድመው ይሄዳሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አለ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። «ቡናም እንደዚያ ነው» አሉና በረካ እንዲቀዳ አዘዙ።

ጀልባው ላይ ነው የመጣልኝ። ስለ በሽታ አንድ ቃል አልተነፈስኩም እኮ! ፓርኪንሰን፣ እነዚህ ሕዋሶች እየሞቱ የሚመጣውን በሽታ፣ አላልኩም። እጅ አላልኩም። ሞት ከየት መጣ?

እና ሲኒው... ሲኒው ይንቀጫቀጭ ነበር። ይመስለኛል። አሁን ደጋግሜ የማስበው እሱን ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው እጅ ሲያርፍ ነው የሚታየው። ዕቃ ሲያነሱ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አዛውንት ላይ ያለ ነው። ታዲያ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ በነበረ ጊዜስ? እኔ የት ነበር የማየው? ስለ ክር እያወራሁ በጣቴ አየር ላይ ስስል ነበር፤ የማየው የራሴን ጣት ነው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ልበላቸው? ከዘጌ ማን ያነቃንቃቸዋል? ለለቅሶ ካልሆነ አይወጡም። ደግሞ በመድኃኒት ምልክቱ ይቀልላል... ቆይ፣ እኔ ራሴ ገና ሳላውቅ መድኃኒት ውስጥ ገባሁ።

ምናልባት የጠየቁት ስለ ቡናው ብቻ ነው። ዘንድሮ በጓሮ በኩል ያለው እየደረቀባቸው ነው፣ እሱን ነግረውኛል። የነገሩኝ ግን መቼ ነው? ከጥያቄው በፊት ነው በኋላ? በፊት ከሆነ እኮ... በፊት ከሆነ ምንም የለም ማለት ነው። አይደል? ቡናውን ስትቀዳ የነበረችው እህቴ ናት፣ እሷን ልጠይቃት። ግን እንዲህ ብዬ ብጠይቃት ደግሞ እሷም መጨነቅ ትጀምራለች፣ ከዚያ...