ግራፉን የሚያይ ኃላፊ፦ በሳንባ አቅም ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚደረግ ክትትል የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና በራሴ ስም ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመካከላችሁ የሌሊት ተራችሁን ጨርሳችሁ ዓይናችሁን ሳትከድኑ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የዘንድሮው ጉባኤ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ይኸውም በሳንባ አቅም ምርመራ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሬስፒራቶሪ ቴራፒስቶችን፣ ማለትም የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያዎችን፣ በመምራትና በመከታተል ሥራ ላይ እንዲያተኩር ወስነናል። አብዛኞቻችን በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሥራ የጀመርነው በፅኑ ሕሙማን ክፍልና በድንገተኛ ክፍል፣ ከቬንትሌተር (ከመተንፈሻ ማሽን) አጠገብ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ቁጥራችን ቀላል ያልሆነ ወደ ላቦራቶሪው ተዛውረናል፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ሱፐርቫይዘር ሆነናል። ይህን ኃላፊነት የሚረከብ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው የተራ ሰንጠረዥ፣ የሠራተኞች የሰዓት መቆጣጠሪያና የዕቃ ማዘዣ ነው። ሥሩ ያሉት ባለሙያዎች የሚሠሩት ምርመራ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን በምን እንደሚያውቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም። እኔ ዛሬ የምለው የላቦራቶሪ ኃላፊ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለዚህ አገልጋይ ነው።

ይህን የምልበት ምክንያት ከምርመራው ጠባይ የመነጨ ነው። ደም የሚሰጥ ሕመምተኛ ክንዱን ከመዘርጋት በላይ የሚጠበቅበት ነገር የለም። ስፓይሮሜትሪ የተባለውን የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ የሚሠራ ሕመምተኛ ግን ሳንባው እስኪሞላ አየር መሳብ፣ ሳያመነታ በሙሉ ኃይሉ መንፋት፣ ከዚያም ባዶ የሆነ በሚመስለው ሰዓት መንፋቱን መቀጠል አለበት። ይህን ሁሉ የሚያስደርገው ከፊቱ የቆመው ባለሙያ ነው። ባለሙያው ከደከመ፣ ከተቻኮለ ወይም ከሰለቸ ቁጥሩ ይወርዳል፤ የወረደው ቁጥር ደግሞ የበሽታ መልክ ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል። በዚያ ቁጥር የሳንባ ቀዶ ሕክምና ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል፤ የአካል ጉዳት አበል ይወሰናል፤ አንድ ሰው አስም አለብህ ተብሎ ለዓመታት መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ ኃላፊው ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን የትንፋሽ ግራፍ ራሱ ማየት አለበት።

ከማለዳው ልጀምር። በአሜሪካና በአውሮፓ የሳንባ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባሻሻሉት መመዘኛ መሠረት፣ የስፓይሮሜትር ልኬት ቢያንስ በየቀኑ በባለ 3 ሊትር ሲሪንጅ ይረጋገጣል፤ ግፊቱም በዝግታ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ፍጥነት ተደርጎ ውጤቱ ከ3 በመቶ በላይ መዛነፍ የለበትም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ገፍቶ «አልፏል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ማግኘት ይቻላል፤ ሕመምተኛው የሚነፋበትን ፊልተር ሳይገጥሙ ካሊብሬሽን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከል) መሥራትም እንዲሁ። መዝገቡ ላይ ምልክት መኖሩን ብቻ የሚያይ ኃላፊ ይህን አይደርስበትም። ቁጥሮቹን ከሳምንት ሳምንት አሰልፎ የሚያይ ግን፣ ማሽኑ ገና በተፈቀደው ወሰን ውስጥ እያለ ወደ አንድ ወገን መሳብ መጀመሩን ቀድሞ ያውቃል። የጤናማ ሠራተኞችን ሳንባ በየሳምንቱ በራሳችን ማሽን መለካትም የሚጠቅመው ለዚሁ ነው፤ በተለይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ዝውውር፣ ማለትም ጋዝ ከሳንባ ወደ ደም የሚያልፍበት መጠን፣ በሚለካበት ምርመራ ላይ ሲሪንጁ የማይነግረንን ነገር የባልደረባችን ሳንባ ይነግረናል። ሚዛኑን ሳይፈትሽ እህል የሚሰፍር ነጋዴ ደንበኛውን ሳያውቅ ሊበድል እንደሚችል ሁሉ፣ እኛም ይህን ካጓደልን በቀን ውስጥ የሚመጡትን ሕመምተኞች በሙሉ በአንድነት እንበድላለን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የባለሙያውን ሥራ መገምገም ነው፤ የኃላፊነቱ ክብደትም ያለው እዚህ ላይ ነው። መመዘኛው ለእያንዳንዱ ምርመራ ከኤ እስከ ኤፍ ደረጃ ይሰጣል፤ ለአዋቂዎች ኤ ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ሙከራዎች፣ የሁለቱ ከፍተኛ ውጤቶች ልዩነትም ከ150 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ መሆን አለበት። ደረጃው ጥሩ መነሻ ነው። ሰውን የሚያሻሽለው ግን ከደረጃው በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። «የዚህ ወር ውጤትህ ዝቅ ብሏል» የሚል ኢሜይል ማንንም አስተምሮ አያውቅም። በዚያው ቀን፣ ቢቻል ሕመምተኛዋ ከወጡ በኋላ፣ ከባለሙያው ጋር ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ እንዲህ ማለት ግን ያስተምራል፦ «እዚህ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ጫፉ እንዴት እንደተድበሰበሰ አየህ? ሕመምተኛዋ አየሩን ከሳቡ በኋላ ትንሽ ቆም ብለዋል። መጨረሻው ላይም መስመሩ ገና እየወጣ እያለ አቁመዋል፤ በመጨረሻዋ ሰከንድ የወጣው አየር ከ25 ሚሊ ሊትር በላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመራቸው በፊት አንተ ራስህ ነፍተህ አሳያቸው።» ባለሙያው ከዚህ ውይይት ነገ ጠዋት የሚሠራበት አንድ ነገር ይዞ ይወጣል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። በዕድሜ የሚበልጡንን ወይም አብረውን የተማሩትን ባልደረቦች «ይህ ሙከራ ተቀባይነት የለውም» ማለት ይከብደናል፤ ስለዚህ ዝም ብለን ሪፖርቱን እናሳልፋለን። ይህን ማለቴ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አክብሮታችን ሀብታችን ነው። ሆኖም አንጋፋ ባልደረባን ማክበር ማለት ሥራውን በቁም ነገር ማየት ማለት ጭምር መሆኑን፣ ግምገማው ለሁሉም በእኩል ከተደረገና የኃላፊው የራሱ ምርመራዎችም በዚያው ወንፊት ካለፉ ቅሬታው እንደሚቀንስ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ።

አንድ አደጋ ላይ ግን ሁላችንም እንድንነቃ እፈልጋለሁ። ደረጃው የደመወዝ ጭማሪ ወይም የወቀሳ መለኪያ በሆነ ማግስት፣ ባለሙያው ያልተሳኩትን ሙከራዎች ከማሽኑ መሰረዝ፣ አለዚያም ትንፋሽ ያጠራቸውን አዛውንት ስምንት ጊዜ ማስነፋት ይጀምራል። አንዳንድ ሕመምተኛ የሚችለው ደረጃ ዲ ብቻ ነው። «ሕመምተኛው የተቻላቸውን አድርገዋል፤ በሳል ምክንያት ሊጨርሱ አልቻሉም» ብሎ በሐቅ የጻፈ ባለሙያ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ኃላፊውም ይህን በግልጽ ሊያመሰግንለት ይገባል። ስለዚህ ጥሩዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም ሙከራዎች ተቀምጠው ይታዩ።

ስለ ጊዜም ልናገር። ሙሉ ምርመራ ማለት የመጀመሪያው ስፓይሮሜትሪ፣ የሳንባ መጠን ልኬትና የጋዝ ዝውውር ልኬት ነው፤ የጋዝ ዝውውሩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ በመካከሉ ቢያንስ 4 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። የአየር ቧንቧን የሚከፍተው መድኃኒት ሳልቡታሞል ከተሰጠ በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ስፓይሮሜትሪው ይደገማል። ቁመት መለካቱ፣ ማስረዳቱና ማጽዳቱ ሲጨመር ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ይህን በግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ውስጥ አስገቡ የሚል አስተዳዳሪ ሲመጣ፣ ስሌቱን በወረቀት አስቀምጦ የሚከራከረው ኃላፊው እንጂ ባለሙያው ሊሆን አይገባም። ባለሙያው ከጥድፊያው ጋር ብቻውን ከተተወ የሚቀንሰው የሚጠበቀውን ደቂቃ ነው፤ ያንን ደግሞ ከሪፖርቱ ላይ ማንም አያነበውም።

አሁን ወደ ራሳችን የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልምጣ፤ ማኅበራችን ከሌሎች የሙያ ማኅበራት የተለየ የሚያበረክተው ነገር ያለው እዚህ ነውና። ማሽኑ የሕመምተኛውን ውጤት የሚያወዳድረው በዕድሜ፣ በቁመትና በጾታ ተሰልቶ ከሚጠበቀው ጋር ነው። ቁመት ወሳኝ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ስፓይሮሜትሩን ይዞ ከ2000 በላይ ሰዎችን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1846 አሳይቶናል። ስለዚህ ቁመት ጫማ ተወልቆ ይለካል እንጂ አይጠየቅም፤ ጀርባቸው የጎበጠ ከሆነም የተዘረጋ ክንዳቸው ይለካል።

በእኛ ሰዎች ላይ የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው። በስደተኝነት የመጡ ብዙ ወገኖቻችን መዝገባቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ሆኖ ተጽፏል። አንዳንዶቹ ደግሞ «በ1945 ተወለድኩ» ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ማሽኑ ከገባ ሕመምተኛው ከእውነተኛ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 8 ዓመት በልጠው ይመዘገባሉ። የአዋቂ ሰው ሳንባ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚያወጣው አየር በየዓመቱ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ስለሚቀንስ፣ ይህ ስሕተት የሚጠበቀውን መጠን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ዝቅ ያደርገዋል፤ ሕመምተኛውም ያለባቸው በሽታ ተሸፍኖ ጤነኛ ይመስላሉ። መዝገቡን የመለወጥ ሥልጣን የለንም፤ ጠይቆ ማስታወሻ መጻፍና ለሐኪሙ ማሳወቅ ግን እንችላለን። ኃላፊ የሆናችሁ ይህን ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ ላለ ለማንኛውም ባለሙያ፣ የየትኛውም አገር ሰው ቢሆን፣ አስተምሩት።

አስተርጓሚውም እንዲሁ ነው። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው «ንፉ!» የሚለውን የሚያደርሰው ባለሙያው ከተናገረ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በኋላ ነው፤ ያቺ መዘግየት አንድን ሙከራ ለማበላሸት ትበቃለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ ሁሉ አስቀድሞ ያልቃል፣ የእጅ ምልክት ላይ ስምምነት ይደረጋል፣ «ይሳቡ፣ ይንፉ፣ ይቀጥሉ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ባለሙያው ራሱ በአማርኛ ይላቸዋል። እማማ አማርኛ የማያውቅ ወጣት «ይቀጥሉ! ይቀጥሉ!» እያለ ሲያበረታታቸው ሲሰሙ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትንፋሽ ያወጣሉ።

ከሁሉ የከበደው የዘር ጥያቄ ነው። ለረጅም ጊዜ ማሽኖቻችን ሕመምተኛው ጥቁር ተብሎ ሲመዘገብ የሚጠበቀውን መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ባልቲሞር ውስጥ ሳንባን በሚጎዳው በአስቤስቶስ ማዕድን ምክንያት በተነሣ የካሳ ክርክር አንድ አምራች ኩባንያ፣ ጥቁር ሠራተኞች ካሳ ለመጠየቅ ከነጮቹ የባሰ የሳንባ ጉዳት ማሳየት አለባቸው ብሎ እስከ መከራከር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ ቀመር ጥቁር ብሎ ለመደበው ቡድን የተጠቀመውም የአሜሪካ ጥቁሮችን ልኬት ነው፤ የጎንደርን ወይም የአርሲን ደገኛ በዚያ መለካት ምን ያህል ትክክል እንደሆነ የሚመልስ መረጃ በውስጡ አልነበረም። የአሜሪካ የሳንባ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን ከስሌቱ የሚያወጣውን ቀመር እንድንጠቀም መክሯል፤ እኔም ውሳኔውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ።

ይሁንና ቀመር መለወጥ በሶፍትዌሩ ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ አይደለም። ትናንት ውጤቱ ከሚጠበቀው 82 በመቶ የነበረ ሕመምተኛ ሳንባው ምንም ሳይለወጥ ዛሬ ወደ 70ዎቹ ሊወርድ ይችላል። ያ ለውጥ ለአንዱ የተነፈገውን ሕክምና ያስገኝለታል፤ የሳንባ ዕጢው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣለት ለሚጠባበቅ ሌላ ሰው ግን ሐኪሙ እንዲያመነታ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ኃላፊው የትኛው ቀመር እንደተሠራበት በእያንዳንዱ ሪፖርት ላይ መጻፉን፣ የቀድሞዎቹ ምርመራዎችም በአዲሱ ቀመር ተሰልተው ጎን ለጎን መቅረባቸውን ማረጋገጥ አለበት። በሊትር የተለካው መጠን አለመለወጡን ለሕመምተኛው ለማስረዳትም ባለሙያዎቹ መዘጋጀት አለባቸው።

ስለ አገር ቤት ጥቂት ልጨምር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2013 የሳንባና የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ምርመራውን የሚያዝና የሚያነብ ሐኪም አለ። ስፓይሮሜትር ለመላክ የምታስቡ አባላት ሲሪንጁን፣ ፊልተሩንና የአፍ መያዣውን ሳታሟሉ ማሽኑን ብቻ እንዳትልኩ፤ ከዕቃው ጋርም ግራፍ አብሮ የሚያይ ሰው በኢንተርኔት ለመመደብ ቃል ግቡ።

ለጉባኤው የማቀርባቸው ሦስት ሐሳቦች አሉ። የሕመምተኛ ማንነት የተሰወረባቸውን ግራፎች በየወሩ በላቦራቶሪዎቻችን መካከል እየተለዋወጥን እንድንገመግም፤ ለምርመራው የሚያገለግሉ የማበረታቻ ቃላትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በአንድ ገጽ አዘጋጅተን ለሆስፒታሎቻችን እንድንሰጥ፤ እንዲሁም አዲስ የተሾሙ ሱፐርቫይዘሮች ለመጀመሪያው ዓመት የሚማከሩበት አንድ አንጋፋ ባለሙያ ማኅበሩ እንዲመድብላቸው እጠይቃለሁ። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት አሻሽላችሁና አዳብራችሁ ውሳኔ እንድትሰጡባቸው በማሳሰብ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።

አመሰግናለሁ።