ነጩ ሰማይ፦ የመቅደላ ፎቶዎች ምን ያሳዩናል?

[ምስል፦ በመቅደላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች፣ ጥቁርና ነጭ]

እስቲ ሰማዩን እዩት። አንዲት ደመና የለበትም፤ ሙልጭ ያለ ነጭ ነው። ወሩ ግን ሚያዝያ ነው። የወሎን በልግ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ግር ይላል። ከመቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ውጊያው ሲካሄድ እንኳ ዝናብ እየወረደ ነበር።

ዘመኑ 1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ነበር። ፎቶ አንሺዎችም አብረው መጥተዋል። እነሱም የጦሩ መሐንዲሶች ናቸው። ካርታና ንድፍ በካሜራ ማባዛትም የእነሱ ሥራ ነበር። ይህቺን ልብ በሉልኝ፦ ካሜራውም ካርታውም በአንድ እጅ ነበሩ።

[ምስል፦ የመስታወት ፎቶ አሠራር]

ያኔ ፊልም የለም። መስታወት በኬሚካል ይቀባል፤ ሳይደርቅ ይነሳል፤ ወዲያው ጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ኬሚካሉን ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ያቃጥለዋል። መሬቱ በደንብ እስኪወጣ ድረስ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ያርፋል። የሚንቀሳቀስ ነገርም አይይዝም። በቅሎውን እየነዳ ያለፈ ገበሬ ወይ ጭጋግ ይሆናል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል።

አገሩ ባዶ የመሰለው ግን በኬሚካሉ ብቻ አይደለም። መሐንዲስ ሲያይ የሚያየው መድፍ የሚያልፍበትን በር፣ ውሃውን፣ ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳ ነው። ለዚያ ጦር እህልና ሣር በማርትሬዛ ብር የሸጡት ገበሬዎች እዚያው ነበሩ። እርሻቸውም እዚያው ነው። በፎቶው ላይ ግን መንገድ ብቻ ሆነ።

እኛ መልክዓ ምድር እንላለን። እኔ ቃሉን ስሰማ ቤተ ክርስቲያን የሚደገመው መልክዕ ትዝ ይለኛል። መልክዕ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን አካል «ሰላም ለ...» እያለ ያወድሳል። ለእኔ አገር ማየት እንደዚያ ነው፤ የመቅደላን ጎረቤት ተራሮች ፋላን በስሙ፣ ሥላሴን በስሙ፣ ሜዳውን አሮጌን በስሙ።

[ምስል፦ ኮከት በር]

ይሄ የመቅደላ መግቢያ ነው። ድንጋዩን ቅረቡና እዩት፤ አንድ በአንድ በእጅ የተካበ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሰዉ። ከአራት ቀን በኋላ ያው ፎቶውን ያነሳው ጦር በሩን በባሩድ አፈረሰ፤ አምባውንም አቃጠለ። በሩን ዛሬ ማየት ስንፈልግ የምናገኘው እነሱ ባነሱት ፎቶ ነው።