ዓድዋ ላይ ያለፈው ካሚዮን፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። የተከበራችሁ አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለቆዩት ልጆች፣ ቡናውን ለያዙልን እህቶቻችን ምስጋናዬ ከልብ ነው። የዓመቱ ሪፖርት እጃችሁ ላይ ስላለ አላነብላችሁም። ወርሃዊ የፊልም ውይይታችን አንድም ወር አልተቋረጠም። ሁለት ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጠናል። መመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች ማቴሪያል ሰጥተናል። በዚህ እኮራለሁ። አሁን ግን ዓመቱን ሙሉ ውስጤን ሲበላኝ ወደ ከረመው ጉዳይ ልግባ።

ማውጫው ነው።

አምና እዚሁ አዳራሽ እጅ አውጥተን ወሰንን። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያሳዩ ፊልሞችን፣ የቴሌቪዥን ድራማዎችንና ዘጋቢ ፊልሞችን አንድ በአንድ እንመዝግብ፣ እያንዳንዱ አባል 10 ካርድ ይሙላ ተባለ። ካርዱ ከባድ አይደለም። ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ስንት ደቂቃ ነው፣ የየትኛውን ዘመን ታሪክ ያሳያል፣ ምስሉ ከየት መጣ፣ ቅጂው አሁን የት ይገኛል። በቃ። እስከ ትናንት ማታ የደረሰኝ 47 ካርድ ነው። የሞሉት 6 ሰዎች ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የካቲት 23 ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ዓድዋ የተሠራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አያለሁ። ተራኪው ስለ 1888ቱ ጦርነት ያወራል። ጥቁርና ነጭ ምስል ይሄዳል፣ ወታደር ይሰለፋል፣ አቧራ ይነሳል። ድንገት ከሰልፉ ኋላ አንድ ካሚዮን አለፈ። አጠገቤ የነበረችው የእህቴ ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ «ያኔ መኪና ነበር እንዴ?» አለችኝ። እሷ አየችው። ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ሰዎች አላዩትም።

ዓድዋን የቀረጸ የፊልም ካሜራ የለም። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ፊልም ለሕዝብ ያሳዩት በዚያው በ1888 ታኅሣሥ ነው፣ ከጦርነቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ኃይሌ ገሪማ ስለ ዓድዋ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ በሥዕሎች፣ በዘፈንና በአዛውንቶች ትረካ የተጠቀመው ያለ ነገር አይደለም። ያ ካሚዮን ያለፈበት ምስል ግን የ1928ቱ ወረራ ነው። 40 ዓመት ልዩነት አለው። አዘጋጁ ከመቁረጡ በፊት ገልጦ የሚያየው ማውጫ ቢኖር ኖሮ ይህ ስህተት ባልተፈጠረ። ያንን ማውጫ እናዘጋጃለን ያልነው ደግሞ እኛው ነን።

እኛ ግን ስድስት ወር ምን ስናደርግ ቆየን? ስንከራከር። የሉቼ ፊልሞች ማውጫው ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ እያልን። ሉቼ ማለት በፈረንጆች 1924 የተቋቋመው የጣሊያን የፊልም ተቋም ነው፣ ለወረራው ለብቻው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ካሜራማን ያዘመተ። አንዳንዶቻችሁ «የፋሺስት ፕሮፓጋንዳ ለምን በእኛ እጅ ይመዘገባል?» አላችሁ። ስሜቱ ይገባኛል። የሉቼ ካሜራ መንገድ ሲሠራ ያሳያል፣ ባንዲራ ሲሰቀል ያሳያል፣ የመርዝ ጋዙን ግን አያሳይም። ጣሊያን በጋዝ መጠቀሟን በይፋ ያመነችው በፈረንጆች 1996 ነው። ታዲያ መመዝገብ ያለበት ለዚሁ አይደለም? ምስሉ በየዓመቱ የእኛው ቴሌቪዥን ላይ ምንጩ ሳይጠቀስ ይታያል። ማን እንደቀረጸው፣ ለምን እንደቀረጸው፣ ምን እንደተወ ካልጻፍንለት የጣሊያኑን ዓይን የራሳችን ትዝታ አድርገን እንቀራለን። ይህን ስል አቋሜ ነው፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ሌላ አንድ ልጨምር። የወሎ ረሃብ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ነው። እዚህ አገር መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የታየው ግን ያው ፊልም አይደለም። ደርግ በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የንጉሡን ውሾች ምግብ አስገብቶበታል። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ዛሬ ተማሪ ከኢንተርኔት ላይ ቁራጭ ያወርድና «ዲምብልቢ እንዳሳየው» ብሎ ይጽፋል። የትኛው ምስል የዲምብልቢ ነው፣ የትኛው የደርግ? ካርዱ ላይ «ቅጂ» የሚል መስመር ያስገባነው ለዚህ ነበር። ለዚህ ፊልም እስካሁን የተሞላ ካርድ የለም። አንድም!

ውጭ አገር እኮ የፊልምን፣ የሬዲዮንና የቴሌቪዥንን ታሪክ የሚያጠና ጆርናል ከ1981 ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲታተም ኖሯል። እኛ ጆርናል አልጠየቅንም። 10 ካርድ ነው የጠየቅነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። የገዛነው ሃርድ ዲስክ ሞልቷል፣ የካሴት ማጫወቻችን ራስ አልቋል፣ ግማሾቻችን መዋጮ አልከፈልንም። ገንዘብ ያዡ አፍሮ አይጠይቃችሁም። እኔ እጠይቃችኋለሁ።

ዛሬ ያልመጣችሁትን ደግሞ፣ ንግግሩ ስለሚላክላችሁ፣ በቀጥታ ላናግራችሁ። በሉቼ ክርክር ላይ ከሁሉ በላይ ድምፃችሁን ያሰማችሁት እናንተ ናችሁ። ዕውቀታችሁ እንዳለ እናውቃለን። ያንን ሁሉ መከራከሪያ ስትጽፉልኝ ያጠፋችሁት ጊዜ 20 ካርድ ይሞላ ነበር። ናፍቃችሁኛል፣ ተቀይሜያችኋለሁም።

ካሴት ቤታችሁ ያስቀመጣችሁም አደራ። በክረምት ያረፉትን ጋሼን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከድሮው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀዷቸው ድራማዎች አልጋቸው ሥር በካርቶን ነበሩ። በየካሴቱ ጎን ቀኑንና የተዋናዮቹን ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈውበታል። «ና ውሰዳቸው» ብለውኝ ነበር፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ከ40ው በኋላ ስሄድ ቤቱ ተጠርጓል። ልጆቻቸው ምን እንደሆነ አላወቁም፣ ካርቶኑን ቆራሌው ወስዶታል። መርካቶ ድረስ ሄጄ ፈለግኩ። አላገኘሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ሌላ ሰው ላይ አላሳብበውም።

ስለዚህ የዛሬውን ፕሮግራም ቀይሬዋለሁ፣ ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ። ከሻይ በኋላ ይቀርብ የነበረው ጽሑፍ ወደ ከሰዓት ተዛውሯል። በየጠረጴዛው ላይ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ አለ። እያንዳንዳችሁ በደንብ የምታውቁትን አንድ ፊልም ወይም ድራማ ሙሉ፣ የማታስታውሱትን መስመር ባዶ ተዉት፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። የዲምብልቢውን እኔ ይዤዋለሁ። ካሴት ያላችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ሰፈራችሁንና ስልካችሁን ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ።